ከአሸዋው የሚወጡት

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሶሊያና ጻፊ ስላለችኝ ነው የምጽፈው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ትሎቹ ምን እንደሚመስሉ፣ ከየት እንደሚወጡ። «አንቺ ጻፊ፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ኦንላይን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ እጠይቃቸዋለሁ» አለችኝ። አንቺ ነው የምትለኝ። እዚህ አሜሪካ የተወለዱ ልጆች እንደዚያ ናቸው፣ ንቀት አይደለም።

የዛሬው ይሄ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ በኖላዊ አኳሪየም ውስጥ። በግራ በኩል ከድንጋዩ ሥር፣ አሸዋው ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። አራት ወይም አምስት ነው። ርዝመቱ የጣቴን ያህላል። መብራቱን ሳበራ ክሩ ወደ አሸዋው ውስጥ ራሱን ሳበ። የክሩ ባለቤት፣ ትሉ ራሱ፣ አልታየኝም። ክሩ ብቻ ነው የሚታየው።

ዓሣዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ብርቱካንማ ናቸው፣ ነጭ መቀነት አላቸው። አንዱ ትንሽ ቢጫ ነው፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። ሦስቱም በልተዋል።

ኖላዊ ልጄ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አርባውን ባለፈው ዓርብ አወጣን። ሶሊያና የእሱ ጓደኛ ናት፤ ጓደኛ ብቻ አለመሆኗን ያወቅሁት ለቀብሩ በመጣች ቀን ነው። አኳሪየሙን ልውሰደው ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል ብላ። እምቢ አልኳት። እሱ በእጁ ሲያበላው ከነበረው ነገር በሕይወት ያለው ይሄ ብቻ ነው። እኔ አኖረዋለሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ሌላ ዓይነት አየሁ። ቀይ፣ ጎንና ጎኑ ነጭ ፀጉር ያለው። ብዙ እግር ያለው ይመስላል። ግማሹ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ተመለሰ። አሸዋው ውስጥ በመስታወቱ በኩል መንገድ መንገድ ይታያል፣ የእነሱ ነው። ብርቱካኖቹ በልተዋል። ቢጫው አልበላም።

የኖላዊን አንሶላ እስካሁን አልቀየርኩትም። ይሄ ስለ ትል አይደለም፣ ይቅር።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ባሌ አድማሱ ዛሬ ሥራ ስለሌለው ቫን ናይስ ወዳለው የዓሣ ሱቅ ወሰደኝ። ኖላዊ የሚሄድበት ሱቅ ነው። ከነጮቹ አንዱን ከነአሸዋው በማንኪያ ዝቄ በጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። እስክንደርስ ተበጣጥሶ ጭቃ ብቻ ቀረ። የሱቁ ሴትዮ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንስታ አየችና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። አድማሱ ነው የተረጎመልኝ። ትል ሺህ ዓይነት ነው፣ አብዛኛው ጥሩ ነው፣ ጥቂቱ መጥፎ ነው፣ ሳላየው ምን እላችኋለሁ፣ ፎቶ ይዛችሁ ኑ።

«ጥሩ ትል ደግሞ አለ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፣ እኔ ፓርኪንግ ነው የምሠራው» አለኝ።

ልንወጣ ስንል ሴትየዋ ረጅሙ ልጅ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። አድማሱ ሥራ በዝቶበት ነው አላት። ለምን እንደዋሸ አልጠየቅኩትም።

ስንመለስ 405 የሚሉት አውራ ጎዳና በመኪና ተጨናንቆ ቆሞ ነበር። አድማሱ የሚያወራው መሪ ሲይዝ ብቻ ነው፣ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይመስለኛል። «የገደለው ያ ዶክተር ነው» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይጥለው ኖሮ፣ መስከረም ላይ አንዴ ጣለው ተብሎ መድኃኒቱን ቀየረበት። ቀየረና ይኸው። ጠበቃ አናግራለሁ። አልለቀውም።»

ልጃችን የሚጥል በሽታ ነበረበት። ከትንሽነቱ ጀምሮ።

«የፊቱ መኪና ቆሟል፣ ቀስ በል» አልኩት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለጠበል ተሰልፈን ነበር። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ከፊቴ ነበረች። አባ ሳቅ እያሉ ተቆጧት። «መድኃኒቱን ልተወው ወይ ትያለሽ? ማን አለሽ! እየወሰድሽ ነው የምትጠጪው። ጠበሉ በመድኃኒትሽ አይቀናም።» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ተራዬ ሳይደርስ ወጣሁ። ለኖላዊም ይሄንኑ ብለውት ነበር። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ነገ ጾም ይገባል። ትሎቹን ዛሬ አላየኋቸውም።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ሶሊያና ከሥራ በቀጥታ ከካልቨር ሲቲ መጣች። መጋረጃውን ዘጋች፣ ቀይ ፕላስቲክ የለጠፈችበት ባትሪ ይዛ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኛች። ትሎቹ ቀይ መብራት አያዩም አለች። «እትዬ ወሰን፣ ነይ እይ፣ ነይ ተኚ አጠገቤ!» እኔም ጉልበቴን ይዤ ተኛሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ብዙ ሆነው ወጡ። ነጮቹ ክራቸውን ዘርግተው አሸዋውን እህል እንደምትለቅም ሴት ይለቅማሉ። ቀዩ በመካከላቸው እየተጣጠፈ ያልፋል። «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄኛው ተዋጣለት» አለች፣ ከዓሣዎቹ ምግብ ከራሱ የሚበልጥ የሽሪምፕ ቁራጭ ጎትቶ ሲያስገባ። ሳቅኩ። ወዲያው አፌን ያዝኩ።

አድማሱ በሩ ላይ መጥቶ አየን። «እኛ በጾም ጎመን፣ እነሱ ሽሪምፕ» አለ። ኖላዊ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዱ ነው።

እሱ ሲሄድ ሶሊያና ሳትነሣ፣ መስታወቱን እያየች ጠየቀችኝ።

«በየቀኑ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደውዬ ክኒንህን ወሰድክ ወይ እለው ነበር። የመጨረሻውን ሳምንት አትደውይ አለኝ። ከማሚ ጋር ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ነው፣ ይደክመኛል፣ ወስጃለሁ ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። ግን ከቀብሩ በኋላ መሳቢያውን ከፍቼ የክኒኑን ጠርሙስ አየሁት። ሙሉ ነበር። ተቆጥቶኝ ነው? ለምን ዋሸኝ? ብደውል ኖሮ ይወስደው ነበር አይደል?»

«ደክሞት ይሆናል ልጄ» አልኳት።

ጠርሙሱ አሁን መሳቢያው ውስጥ የለም። አንስቼዋለሁ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ድንጋዩን ላነሣ እጄን ከትቼ ቀዩን ነካሁት። ፀጉሩ ጣቴ ውስጥ ገባ። እንደ ሳማ ይለበልባል። አድማሱ ፕላስተር እየለጠፈ ነቀለልኝ። «ከትል ጋር ጦርነት ገጠምሽ?» አለኝ። ቢጫው ዓሣ ድንጋዩ ሥር ገብቷል፣ አይወጣም። ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴ አላስችል አለኝ። ሶሊያና ኦንላይን ካሉት ሰዎች ቁርጥ ያለ መልስ አልመጣም አለች። አንዱ ጥሩ ነው ብሏታል፣ አንዱ ያልታወቀ ነገር ቤትሽ አታኑሪ ብሏታል።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ቢጫው ሞተ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት መብራቱን ሳበራ ከመስታወቱ አጠገብ፣ አሸዋው ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ትሎቹ በላዩ ነበሩ። ቀዮቹ በሆዱ በኩል ገብተዋል። ነጮቹ ክራቸውን ከየጉድጓዳቸው ዘርግተው ይጎትቱታል። መብራት ሲያዩ ይሸሹ የነበሩት ዛሬ አልሸሹም። ላወጣው መረቡን ይዤ ቆምኩ። እጄ አልሄደም። ነጠላዬን አውልቄ መስታወቱን ሸፈንኩትና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራ አልሄድኩም። ስልኩ ጠራ፣ አላነሣሁም።

አድማሱ ሲመለስ እዚያው አገኘኝ።

«ወሰን፣ ምን ሆነሻል?»

«እየበሉት ነው» አልኩት።

«ማንን?»

የተሸፈነውን መስታወት አየሁ። ኖላዊን የምል መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። ክንዴን ይዞ ሊያነሣኝ ጎንበስ አለ።

«ዓሣውን ነው» አልኩት። «ዓሣውን ነው የምልህ።»

ዓሣውን አውጥቶ የት እንዳደረገው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እነሱ ናቸው የገደሉት። እዚያ ውስጥ ሌላ ማን አለ?

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉነሽ ከታች ፎቅ ወጣች። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእኛ በፊት የገባች እሷ ናት፣ ዕድሜዋ የእናቴን ይሆናል። ያጽናኑኝ ሰዎች ሁሉ ሲሄዱ እሷ ነች የቀረችው። ወገቧን ይዛ ገንዳውን አየች።

«አንቺ ልጅ፣ ባሕር ቤትሽ ድረስ አምጥተሽ ትል አለበት ብለሽ ታለቅሻለሽ?»

«ዓሣውን በሉብኝ እትዬ።»

ጠጋ ብላ አየች። አንዱ ነጭ ክር ዘርግቶ ነበር። «ውይ! ይሄማ የኮሶ ትል ነው። እኛ ሆድ ውስጥ የነበረ ነው፣ ዘመዱ ነው። ኮሶ ነው የሚፈልገው።»

«ዓሣዎቹንስ አይጎዳም?»

«እኛ ስንት ጊዜ ጠጣን፣ ሞትን?»

ይዛኝ ወርዳ ፍሪዘሯን ከፍታ ከበርበሬው ሥር፣ ከሽሮው ሥር፣ በላስቲክ የተቋጠረ የተወቀጠ የኮሶ አበባ አወጣችልኝ። ስንት ዓመቱ ነው ስላት ኮሶ አያረጅም አለች። እናቴ በየሁለት ወሩ ታጠጣን ነበር። አፍንጫችንን ይዛ። ትሉ ሲወጣ አይቻለሁ፣ የማላውቀው ነገር አይደለም። በዚህ ሁሉ ሳምንት ውስጥ የማውቀው ነገር ሲነገረኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሶሊያና ውኃ ቀየረች። ጨው ለክታ፣ በባልዲ በጥብጣ፣ በመለኪያዋ ለካች። ሥራ ረፍዶባት ቸኩላ ነበር። «መልሱ ሳይመጣ ምንም እንዳትጨምሪበት፣ እሺ? ምንም። ቃል ግቢልኝ፣ ፕሮሚስ?»

«እሺ» አልኳት።

ኮሶውን በቁም ሣጥን ውስጥ፣ በኖላዊ ሹራቦች መካከል አስቀምጬዋለሁ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

አደረግኩት። ማታ ዘፍዝፌ፣ ጠዋት በነጠላ ጫፍ አጥልዬ፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ። በስመ አብ ብዬ ነው ያፈሰስኩት።

ወዲያው አይደለም። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ወጡ። ከአሸዋው ውስጥ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከየትም። እንደዚያ ብዙ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። የነጮቹ ክሮች ባለቤቶች አሁን ታዩኝ፣ አጭርና ወፍራም ናቸው፣ ቀለማቸው የሥጋ ነው። እየተጣመሙ አሸዋው ላይ ወደቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ቆሜ አየኋቸው። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት መድኃኒት ይሄ ብቻ ነው።

ብርቱካኖቹ በልተዋል።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ውኃው እንደ አጓት ሆኗል። ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ብርቱካኖቹ ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ፓምፑን ከፍ አደረግኩት። በጆግ ውኃ አወጣሁ፣ የምተካው የለኝም።

ሦስት ሰዓት ላይ ትንሹ ሞተ። አራት ተኩል ላይ ትልቁ።

አምስት ሰዓት ላይ ሶሊያና ደወለች፣ ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «እትዬ ወሰን፣ አገኘናቸው! ነጮቹ ስፓጌቲ ዎርም ይባላሉ፣ እንደ ፓስታ ማለት ነው። ቀዮቹ ብሪስል ዎርም። ሁለቱም ጥሩዎች ናቸው፣ የሞተ ነገር ነው የሚበሉት፣ በሕይወት ያለውን አይነኩም። ቢጫው በራሱ ነው የሞተው፣ እነሱ ጠረጉት እንጂ። አሸዋውን ንጹሕ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። እነሱ ባንድ ጊዜ ከሞቱ ሁሉም ነገር ይሞታል። እንዳትነኪያቸው።»

«ዓሣዎቹ ሞተዋል» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

የካቲት 27፣ ዓርብ

ሶሊያና መጥታ ውኃውን ለካች። ውኃ ስቀይር ቸኩያለሁ፣ ጨውን በደንብ አልለካሁትም አለች። «እኔ ነኝ። ትሎቹንም ዓሣዎቹንም እኔ ነኝ። ማታም ያልደወልኩት እኔ ነኝ። እሱ የነካውን ሁሉ እኔ ነኝ የማጠፋው።»

አቀፍኳት። «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» አልኳት። እንዲሁ ነው ያልኳት።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ሶሊያና ሦስት ቴክስት ልካለች። ይቅርታ ይቅርታ ይቅርታ። አልመለስኩም። ምን ብዬ? አድማሱ ስልኩን አይቶ፣ «ልጅቷን አናግሪያት እንጂ፣ ጨው ተሳስታ ነው፣ ሰው አልገደለች» አለኝ። ልብስ አጠብኩ። እንዳጠብኩት ረስቼ እንደገና አጠብኩት።

ገንዳው እንደቆመ ነው። ሽታው ቀንሷል። ምንም ከአሸዋው አይወጣም። የምጽፈው የለም፣ ግን ቀኑን እጽፋለሁ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ሰማንያው። ቤት ውስጥ ነው ያደረግነው፣ ዳቦና ሽምብራ። ወደ አሥራ አምስት ሰው መጣ። አባ ጸለዩ። ሶሊያና ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ ከስታለች። አባ እሷን ሊያጽናኑ ምነው ልጄ አሏት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረቻቸው። የኖላዊን ዓሣዎች በጨው ገደልኳቸው፣ እናቱ ምንም ሳትሳሳት እኔ ገደልኩባት አለች።

እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። እትዬ ሙሉነሽ ዳቦ እያኘከች ነበር። ክፋት የላትም።

«ጨው? ምን ጨው? ኧረ ኮሶው ነው ልጄ! እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ለሰው እንጂ ለዓሣ እንደማይሆን መች አወቅኩ። አይ ወሰን፣ አልነገርሻትም?»

ሶሊያና ኮሶ ምን እንደሆነ አታውቅም። አጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀች፣ ሴትየዋም ጠጋ ብላ ነገረቻት። ሶሊያና ሳህኗን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረም። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነበር የምትመስለው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አድማሱ፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። «ሽምብራው ሊያልቅ ነው፣ ላምጣ» አልኩ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። አድማሱ ለሥራ ወጥቶ ነበር። ጫማዋን አላወለቀችም፣ ሁልጊዜ ታወልቅ ነበር። የኖላዊ ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንሶላውን በእጇ አስተካከለች።

«ስለ ዓሣው አይደለም» አለችኝ። «አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ አንዴ ብቻ። ከመለስሽልኝ ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ያን ሳምንት ክኒኑን ያልወሰደው እኔ ስላልደወልኩ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው?»

ቆምኩ። ሻይ ላፍላልሽ ልበላት አልኩ። ሐኪሙ ነው ልበላት አልኩ። አድማሱ ያመነውን ሁሉም አምኖት ነበር፣ እሷም ታምነዋለች። ክንዷን አየሁት፣ የክርን አጥንቷ ወጥቷል። ይቺ ልጅ እንዲህ እየከሳች ስንት ዓመት ትኖራለች አልኩ በልቤ።

ነገርኳት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ይበቃል።

አላለቀሰችም። «እሱስ ምን አለሽ?» አለችኝ።

«እሺ ማሚ አለኝ። አንቺ ደስ ካለሽ አለኝ።»

አንሶላውን እንደገና አስተካከለች። «እና የዋሸኝ ስለ አንቺ ነው» አለች። «እንዳልቆጣሽ ብሎ።» ከዚያ ተነሣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፣ የታመመ ሰው እንዳለበት ቤት።

ከክፍሉ ስወጣ አድማሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። መታወቂያውን ረስቶ ተመልሶ ነው። መታወቂያው አንገቱ ላይ ነበር፤ አግኝቶት ነበር ማለት ነው፣ ግን አልሄደም። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ጨብጧል።

«ስንት ቀን አስተውሽው?» አለኝ።

«ሰባት። ጠበሉን እስኪጨርስ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ሸርተት ብሎ ተቀመጠ፣ ከነዩኒፎርሙ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰባቱንም ቀን እዚሁ ነበርኩ» አለ። «በየማታው በሩን ከፍቼ ደህና እደር እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወሰድክ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።»